አገሮችን እንወቅ፦ ቦሊቪያ

የጮቄን ተራራ የሞጣም የቢቸናም ሰው ያውቀዋል። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ብርዱም ይታወቃል። በዚያ ጫፍ ላይ ታላቅ ከተማ አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ቦሊቪያ በምትባል አገር በዚህ ከፍታ ላይ ኤል አልቶ የሚባል ታላቅ ከተማ አለ። ዛሬ የምናነበው ስለዚህች አገር ነው። ዓመቶቹን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ቦሊቪያ የምትገኘው በደቡብ አሜሪካ ነው። ከእኛ ወደ ምዕራብ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ ናት። ስፋቷ ከኢትዮጵያ ጋር ይቀራረባል። ሕዝቧ ግን 11 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ጎረቤቶቿ ብራዚል፣ ፓራጓይ፣ አርጀንቲና፣ ቺሊና ፔሩ ናቸው። ድሮ የባሕር በር ነበራት። በ1871 ዓ.ም. ከቺሊ ጋር በተነሣው ጦርነት አጣችው።

በደጋው የሚኖሩት ሕዝቦች አይማራና ኬችዋ ይባላሉ። ዋናው ሰብላቸው ድንች ነው። እኛ የምንተክለው ድንች የመጀመሪያ ዘሩ ከዚያ አካባቢ የመጣ ነው። ድንች ቶሎ ይበላሻል አይደል? እነሱ ግን መላ አላቸው። ሌሊት ውርጭ ያስመቱታል፤ በእግራቸው ረግጠው ውሃውን ያወጡታል፤ ቀን በፀሐይ ያደርቁታል። ከዚያ ለዓመታት ይቀመጣል። ስሙ ቹኞ ይባላል።

ቲቲካካ የሚባል ሐይቅም አላቸው። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ እንደሚሠራው ሁሉ እነሱም ከሐይቁ ዳር በሚበቅል ቄጠማ መሰል ተክል ታንኳ ይሠራሉ። በ1962 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ከኢትዮጵያ ደንገል አስመጥቶ ለቲቲካካ ታንኳ ሠሪዎች ሰጣቸው። የሠሩት ታንኳ ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን አትላንቲክን ተሻገረ። የእኛ ደንገልና የእነሱ እጅ አንድ ላይ ውቅያኖስ ተሻገሩ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ባለሙያ ሕዝብ ግን ለብዙ ዘመን በገዛ አገሩ እንደ ሰው አልተቆጠረም። የስፔን አገዛዝ በ1817 ዓ.ም. ቢያበቃም መሬቱ በትልልቅ ባለመሬቶች እጅ ቆየ። ገበሬው ትንሽ ማሳ ለማግኘት ሲል ከሳምንቱ ብዙውን ቀን ለባለመሬቱ በነፃ ይሠራ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው አይመርጥም ነበር። ለገበሬው ልጅ ግን ትምህርት ቤት የለም። እንዳያነብ ያደርጉታል፤ ከዚያ «አታነብምና አትመርጥም» ይሉታል።

አቬሊኖ ሲኛኒ የሚባል አይማራ ግን በቤቱ ልጆችን ፊደል ያስቆጥር ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 1923 ዓ.ም. ኤሊሳርዶ ፔሬስ ከሚባል መምህር ጋር ሆኖ ዋሪሳታ በሚባል ስፍራ ትምህርት ቤት ጀመረ። ገበሬዎቹ በጉልበታቸው ሠሩት። ባለመሬቶቹ ጠሉት። ለምን? የሚያነብ ገበሬ በቀላሉ አይታለልማ! ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ መንግሥት ሥራውን አፈረሰው።

የተዘራው ግን በቀለ። በ1944 ዓ.ም. አብዮት ተነሣ። ወንዱም ሴቱም፣ የተማረውም ያልተማረውም እንዲመርጥ ተፈቀደ። በ1943 ዓ.ም. ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከ130,000 ያነሰ ሰው ነበር። በ1948 ዓ.ም. ከ900,000 በለጠ። ሐምሌ 26 ቀን 1945 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት አዋጅ ወጣ። ቀኑን ልብ አላችሁ? ትምህርት ቤቱ የተጀመረበት ቀን ነው።

ታዲያ አዋጁ ቢወጣም ብዙ ገበሬ የመሬቱን ወረቀት ለማግኘት ዓመታት ጠበቀ። ወረቀቱ ሲመጣም ማንበብ የማይችለው ሰው አንባቢ ፍለጋ ይሄዳል። ያነበበለት ሰው እውነቱን ይንገረው አይንገረው በምን ያውቃል?

በ1998 ዓ.ም. ታላቅ የትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ በስፓኒሽ፣ በአይማራና በኬችዋ ቋንቋዎች ተሰጠ። ከ800,000 በላይ ሰዎች ማንበብና መጻፍ ተማሩ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. መንግሥት አገሪቱ ከመሃይምነት ነፃ ወጣች ብሎ አስታወቀ። ሁሉም ሰው ተማረ ማለት ግን አይደለም። ከ100 ሰው 4 ያህሉ ገና አልተማረም ነበር።

እናንተም ዛሬ ይህን ወረቀት ራሳችሁ አነበባችሁ። እንግዲህ የመሬት ደብተራችሁን ከሣጥን አውጡ። ስማችሁን አንብቡ። የባልም የሚስትም ስም መኖሩን እዩ። የመሬቱን ስፋትና የአዋሳኞቹን ስም አንብቡ። የተሳሳተ ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ቀበሌው መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ጠይቁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቹኞ እንዴት ይሠራል?
2. ባለመሬቶቹ የዋሪሳታን ትምህርት ቤት ለምን ጠሉት?
3. በመሬት ደብተራችሁ ላይ ምን ምን ተጽፏል?