ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም

ያረጀ ሁሉ ቅርስ፣ የተረሳ ሁሉ የተበደለ የሚመስላቸው ሰዎች በዝተዋል። ይህ አመለካከት ወደ አሮጌ የቪዲዮ ጨዋታዎች ሙዚቃም ገብቷል። ከ1980ዎቹ የመጣ ጭርጭርታ ሁሉ «የዘመኑ ጣዕም» እየተባለ ይወደሳል። ዜማው ባዶ ነው የሚል ሰው ሲነሣም «ምን ያድርጉ? መሣሪያው ደካማ ነበር» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ይህ መልስ ለቸልተኛው ካባ የሚደርብ፣ ለትጉሁ ግን የድካሙን ዋጋ የሚነፍግ ስለሆነ በዝምታ ልናልፈው አይገባም።

ለዚህ «ሃይድላይድ» የተባለውን ጨዋታ በምስክርነት እንጥራ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1984 ቲ ኤንድ ኢ ሶፍት በተባለው የጃፓን ኩባንያ ለግል ኮምፒውተሮች የተሠራ ሲሆን፣ ፈጣሪው ቶኪሂሮ ናይቶ ነው። በማርች 1986 «ሃይድላይድ ስፔሻል» ተብሎ ለኒንቴንዶ ፋሚኮም ቀረበ፤ በ1989 ደግሞ የአሜሪካን ገበያ ተቀላቀለ። ፋሚኮም አምስት የድምፅ መስመሮች ብቻ ነበሩት፤ ሁለቱ ለዜማ፣ አንዱ ለወፍራም ድምፅ፣ አንዱ የከበሮን ቦታ ለሚይዝ የ‹ሽሽ› ድምፅ፣ የቀረው ለአጫጭር የተቀዱ ድምፆች የሚውሉ ናቸው። ጠባብነቱን ማንም አይክድም።

ናይቶ ፈጠራ የጎደለው ሰው አልነበረም። በውጊያ የተጎዳው ባለታሪክ ሜዳው ላይ ዝም ብሎ ሲቆም ጉልበቱ ቀስ በቀስ እንዲመለስ አድርጓል፤ ይህ ዘዴ ከዚያ ወዲህ በብዙ ጨዋታዎች ታይቷል። ተጫዋቹ እንግዲህ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅም ያዳምጣል። የሚያዳምጠው ግን ገና ከመጀመሩ የሚያልቅ፣ እንዳለቀም መልሶ የሚጀምር አንድ አጭር ዜማ ነው። ሊያንጎራጉረው የሞከረ ሰው ጆን ዊሊያምስ በ1981 ለመጀመሪያው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ወደ ጻፈው ማርሽ ሳያውቀው ይንሸራተታል፤ መመሳሰሉን ብዙዎች አስተውለውታል። ከዚህ ሙዚቃ ጆሮ ላይ የሚቀረው የሌላ ሰው ነው፤ የራሱ የሆነው ይረሳል። የሚገርመው ጨዋታውን ለፋሚኮም ያሳተመው ቶሺባ ኢ.ኤም.አይ. ስመ ጥር የሸክላ አሳታሚ መሆኑ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሏል ይህ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በሜይ 1986፣ «ድራገን ኩዌስት» ወጣ። መሣሪያው ያው ፋሚኮም፣ መስመሮቹም እነዚያው ናቸው። ጨዋታው ከነሥዕሉና ከነዜማው በ64 ኪሎባይት ውስጥ የታጨቀ ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አቀናባሪው ኮይቺ ሱጊያማ ለቤተ መንግሥቱ ሁለት ድምፆች እየተቀባበሉ የሚነጋገሩበትን ዜማ ጻፈ። በዋሻው ውስጥ ደግሞ ተጫዋቹ አንድ ደረጃ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ያው ዜማ እየወፈረና እየዘገየ ይሄዳል፤ የጥልቀቱን መጠን ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ይረዳዋል። ለዚህ አዲስ ዜማ አላስፈለገም፤ ያለውን ዝቅ ማድረግና ማዘግየት በቂ ነበር። የጨዋታው የመክፈቻ ዜማ ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት አትሌቶች ሲገቡ ተሰምቷል።

«ሱጊያማ እኮ በቴሌቪዥንና በዘፈን ሥራ የበሰለ ሙዚቀኛ ነበር» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ልዩነቱን የፈጠሩት ለጨዋታ የሚሆን ሙዚቃ ሙዚቀኛ ያስፈልገዋል ብሎ ያመነ አሠሪና አድማጩን ያከበረ ሠሪ ናቸው። «የጨዋታ ሙዚቃ ከበስተ ጀርባ የሚሰማ ስለሆነ ባይታወስም ግድ የለም» የሚሉም አሉ። ነገር ግን ከበስተ ጀርባ መሆን ባዶ መሆን አይደለም። የዋሻው ዜማ ትኩረት አይሻማም፤ ሆኖም ወዴት እየወረድን እንደሆነ ይነግረናል።

የማሲንቆ ክር አንድ ናት፤ ያውም የፈረስ ጭራ። አዝማሪው ግን በእርሷ ያስቃል፣ ያስተክዛል፣ ይወቅሳል። «ክሬ አንድ ናትና ታገሡኝ» ብሎ ታዳሚውን የለመነ አዝማሪ ማን ሰምቷል?

የ«ሃይድላይድ» ዜማ ይጥፋ አንልም። ይቀመጥ፤ ትውልድም ይስማው፤ ከ«ድራገን ኩዌስት» ጎን አስቀምጦም ያመዛዝነው። ሁለቱን «የዘመኑ ጣዕም» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ መክተት ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ዛሬ የድምፅ መስመር ገደብ የለውም፤ የማስቀመጫ ቦታም ተትረፍርፏል፤ ሰምተን ሳንጨርስ የምንረሳው ሙዚቃ ግን አልቀነሰም። ትናንት «መሣሪያው ጠበበን» ለተባለው ይቅርታ ያደረግን፣ ዛሬ መሣሪያው ሰፍቶ ሳለ ማንን ልንወቅስ ነው?