ጋዙ አላለቀም፤ ሾልኮ ነው

«ጋዝ አልቆበታል።»

ኤሲ ያለው መኪና ይዞ ይህችን ቃል ከመካኒክ አፍ ያልሰማ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔ በአንዲት መኪና ብቻ፣ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሦስት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ሦስቴም አምኜ ከፍያለሁ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ መመረቄን ያስታወስኩት ከሦስተኛው ክፍያ በኋላ ነው።

መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ናት። ቀኑን ሙሉ በአፕ እየተጠራች ሰው የምታመላልስ ቪትዝ። «አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ኤሲ ምን ይሠራል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ለሰው ይመቻል። ግን እስቲ በሚያዝያ ከቀኑ 8 ሰዓት ሜክሲኮ ላይ መንገድ ተዘግቶባችሁ ቁሙ። መስኮት ከዘጋችሁ ትቀቀላላችሁ። ከከፈታችሁ ደግሞ አቧራና የናፍጣ ጭስ ይገባል፤ ስልካችሁን መንትፎ የሚሮጥም አይጠፋም። ክረምት ሲመጣ የፊት መስታወቱን የሚሸፍነውን ጉም ቶሎ የሚያጠራው ያው ኤሲው ነው፤ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱንም አብሮ ያወጣዋል። አዳማ ወይም መተሐራ የሚሄድ ተሳፋሪ ሲደውል ደግሞ ለወንድሜ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ኤሲ ይሠራል?» ነው። አይሠራም ካለ እንጀራው ያመልጠዋል።

ስለዚህ ኤሲው ማቀዝቀዝ ሲያቆም መኪናዋን ይዤ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሄድኩ። ሰፈሩ ጠመንጃ ያዥ ይባል እንጂ እኔ በሄድኩበት በኩል የተያዘው መፍቻና ጌጅ ነበር። የመጀመሪያው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ አየና «ጋዝ ብቻ ብሞላልህ ተመልሰህ ትመጣለህ። የሚሾልክበትን ቦታ መፈለግ አለብኝ፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል» አለኝ። ዋጋውንም ጠራ። በዛብኝ። ጥቂት እልፍ ብሎ ያለው ሁለተኛው ግን «ጋዝ አልቆበታል፤ ሃያ ደቂቃ ብቻ» አለ። ዋጋውም የመጀመሪያው ግማሽ! እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ሁለተኛው ጋ ቆምኩ። የሚገርመው በዚያው ቀን እንደ በረዶ አቀዘቀዘ። ከሦስት ወር በኋላ ግን ሞቀ። ደግሞ ሞላን፤ ደግሞ ሞቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

አሁን ነገሩን ቀለል አድርጌ ላስረዳ። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይደለም፤ አይቃጠልም፣ አያልቅም። ሥርዓቱ ዝግ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፣ ከፊት ራዲያተሩ አጠገብ ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ ይጥለዋል፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ የተደበቀው ኢቫፖሬተር ደግሞ የመኪናውን አየር ያቀዘቅዛል። ያው ጋዝ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። በዓመታት ውስጥ ከጎማ ቱቦዎቹ ጥቂት ግራም ሊሰርግ ይችላል። በሦስት ወር ባዶ ከሆነ ግን አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። በቀዳዳ ጣሳ ውሃ የሚቀዳ ሰው ችግሩ የውሃ እጥረት አይደለም።

በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው መካኒክ ተመለስኩ፤ ትንሽ እያፈርኩ። ከኮንደንሰሩ ጋር ቱቦው የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ያለች ኦሪንግ አውጥቶ አሳየኝ። ከቀለበት የማትሰፋ፣ ደርቃ የተሰነጠቀች ጎማ። ሂሳቡን እናስላው። የሁለተኛውን ዋጋ አንድ ብንለው የመጀመሪያው ሁለት ነበር። እኔ ሦስት ጊዜ አንድ ከፍዬ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ከፈልኩ። በሁለት የሚያልቀውን በአምስት ገዛሁት፤ ወንድሜ ያጣውን ሥራ ሳንቆጥር።

እኔን የነካኝ ግን ብሩ አይደለም፤ ሰውየው የተናገረው ነው። «ቀድሜ ነግሬህ ነበር» አለኝ እጁን እየጠረገ። «ሁሉም እንዳንተ ነው። ፍለጋ ብዬ ዋጋ ስጠራ ጥለውኝ ይሄዳሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ አሁን አሁን እኔም ዝም ብዬ እሞላለሁ።»

ይህንን ነገር ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ታዋቂ ጽሑፍ አሳተመ፤ በኋላም በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ማወቅ ካልቻለ፣ ገዢው ለጥሩውም ለመጥፎውም አንድ ዓይነት ዋጋ ነው የሚሰጠው። በዚያ ዋጋ ጥሩው ያከስራል። ጥሩው ቀስ በቀስ ከገበያው ይወጣል፤ ወይም እንደ መጥፎው መሥራት ይጀምራል። እኔ ጠመንጃ ያዥ ላይ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሐቀኛውን ቀጣሁት፣ ቸኳዩን ሸለምኩት። ከዚያ ዞር ብዬ «መካኒክ ሁሉ ሌባ ነው» እላለሁ።

«ወንድምህ የቀን ገቢ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ግማሽ ቀን ከየት ያምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። ለእሱ የቆመች መኪና ባዶ ኪስ ናት። ግን ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ሶማሌ ተራ የሄደ ሁሉ ያውቃል። ዘይቱ ከጋዙ ጋር እየተዞረ ኮምፕሬሰሩን ያለሰልሰዋል፤ ጋዙ በሾለከ ቁጥር ዘይትም አብሮ ይሾልካል። እየሞሉ መንዳት መጨረሻው ኮምፕሬሰር መቀየር ሊሆን ይችላል። ያኔ የሚቆመው ግማሽ ቀን አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ርካሹን እናስፈትሽ። የኤሲ ፊልተሩ በአቧራ ተደፍኖ ከሆነ ነፋሱ ይደክማል፤ ጋዝ አያድነውም። የኮንደንሰሩ ፊት በጭቃ ከተሸፈነ ወይም ቬንትሌተሩ ካልዞረም እንደዚያው። እነዚህ ደህና ከሆኑ ፍሳሹ ይፈለግ፤ በሳሙና አረፋ፣ በሚያበራ ቀለም ወይም በማሽተቻ መሣሪያ። ከጥገናው በኋላ ጋዝ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቫኪዩም ይደረግ፤ ውስጥ የቀረ እርጥበት ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ አሲድ ይፈጥራል። እዚህ ላይ ደግሞ የአዲስ አበባ ነገር አለ። ጌጁ ላይ የቫኪዩም መጨረሻ 30 ተብሎ ቢጻፍም፣ በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ መርፌው 23 አካባቢ ይቆማል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ዋናው ነገር ፓምፑ ከጠፋ በኋላ መርፌው ባለበት መቆየቱ ነው።

ጋዙም በግምት ሳይሆን በሚዛን ይሞላ። የትንንሽ መኪኖች መጠን ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ትክክለኛው ግራም አብዛኛውን ጊዜ ኮፈኑ ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ከልኩ በላይ መሙላትም እንደ ማነስ ይጎዳል። በመጨረሻ ደረሰኝ ጠይቁ፤ የፍለጋውና የጋዙ ዋጋ ለየብቻ የተጻፈበት፣ የሦስት ወር ዋስትና ያለበት። ዋስትና የሚሰጥ መካኒክ ቀዳዳውን ትቶ ጋዝ አይሞላም፤ ከሞላ የሚከስረው ራሱ ነው።

የሾለከው ጋዝስ የት ይሄዳል? ወደ ሰማይ። በአብዛኞቹ መኪኖቻችን ያለው አር-134ኤ የኦዞን ንጣፍን ባይጎዳም፣ ምድርን በማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በ1,300 እጥፍ አያንስም። ግማሽ ኪሎው ሾለከ ማለት 280 ሊትር ገደማ ቤንዚን እንደማቃጠል ነው። እኛ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሞላን። እ.ኤ.አ. በ2016 ስምምነት የተደረሰበት የኪጋሊ ማሻሻያ እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የታለመ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመኪና ኤሲ የሚጠግን ባለሙያ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ግድ ነው። እኛም ጋ መንግሥትና የሙያ ማሠልጠኛዎች ይህን ቢያስጀምሩ፣ ደንበኛው ማን ሐቀኛ እንደሆነ የሚለይበት አንድ ምልክት ያገኛል። የአከርሎፍ ችግር የሚፈታውም እንዲህ ባለ ምልክት ነው።

ጊዜውም አሁን ነው። ከጥር 2016 ወዲህ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ማገዱን ስላስታወቀ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ያው የኤሲ ጋዝ ባትሪውንም ያቀዘቅዛል። ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ነው፤ ዘይቱም ልዩ ነው። የተለመደው ዘይት ከገባበት ኤሌክትሪኩ እንዲያፈተልክ መንገድ ይከፍታል። እዚህ ላይ «ሃያ ደቂቃ ብቻ» የሚለው ልማድ ከገንዘብ አልፎ የመካኒኩንም ሕይወት ሊነካ ይችላል።

የወንድሜ ቪትዝ እስካሁን ደህና ናት። ሰውየውን አሁን ሳልከራከር ነው የምከፍለው፤ ለሌሎችም ስልኩን እሰጣለሁ። እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ «ጋዝ አልቆበታል» ስትባሉ፣ ቦርሳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «የት ሄደ?»