በምርጫና በምርጫ መካከል ያለው የመራጭ ሐሳብ፦ ከዘንገና ሲታይ

እንጅባራ፦ ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ፣ በደን የተከበበው የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። በዙሪያው ያለው የባንጃ ገበሬ ድንችና ገብስ ይዘራል። አፈሩ አሲዳማ እየሆነ ምርት ሲነሳው ኖራ ይፈልጋል፤ ኖራውም ማዳበሪያውም በወቅቱ ካልደረሰው ማሳውን በዲከረንስ ይሸፍንና ከሰል አክስሎ ይሸጣል። ይህ ገበሬ መራጭም ነው። ሆኖም ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ሰላም፣ ስለ መንገድና ስለ መረጣቸው ተወካዮች ምን እንደሚያስብ በቁጥር ተመዝኖ የቀረበ መልስ በቀበሌው አይገኝም፤ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞንም ሆነ በክልል ደረጃ እንዲሁ።

7ኛው ጠቅላላ ምርጫ በ2018 ዓ.ም. እንዲካሄድ መታቀዱ ጥያቄውን ወቅታዊ ያደርገዋል። ብዙዎች መልሱ በድምፅ መስጫ ኮሮጆ ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል። ያለፉት ምርጫዎች ውጤት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ይናገራል።

በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ሲያሸንፍ ገዥው ፓርቲ ራሱ ደንግጦ ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድም ሳያስቀሩ ጠቀለሉት። በወረቀት ላይ ሲነበብ፣ በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኢትዮጵያ ቅር የተሰኘ የምርጫ ክልል አልነበረም ማለት ነው። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ላይ በኦሮሚያ፣ ሐምሌ ላይ በጎንደር፣ ቀጥሎም በባሕር ዳር ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ መስከረም 2009 ዓ.ም. ከመጠናቀቁ በፊት በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሕዝቡ ስሜት በአንድ ዓመት ውስጥ አልተገለበጠም። ቅሬታው ቀድሞም ነበረ፤ የሚለካበት መሣሪያ ግን አልነበረም።

የምርጫ ሥርዓቱ ራሱም ሐሳብን ለመለካት የተሠራ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ያሸንፋል። አራት ዕጩዎች በቀረቡበት ቦታ ከ100 መራጮች 40ው የመረጡት ሰው ወንበሩን ሊይዝ ይችላል፤ የ60ዎቹ ሐሳብ በምክር ቤቱ አይታይም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ 410 መቀመጫዎችን ሲያገኝ አብን ያገኘው 5 ብቻ ነበር። ከእነዚህ ቁጥሮች ማን እንደሚያስተዳድር ይታወቃል። የአማራ ክልል መራጭ በየትኛው ጉዳይ ከማን ጋር እንደሚስማማ ግን አይታወቅም። ለሰላም ሲል ድምፅ የሰጠ፣ ለመንገድ ሲል የሰጠ፣ ሌላ አማራጭ አጥቶ የሰጠ፣ ሁሉም በአንድ ምልክት ሥር ተደምረዋልና።

በናሙና ላይ የተመሠረተ የሕዝብ አስተያየት ጥናት በኢትዮጵያ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይቻልም። አፍሮባሮሜትር የተባለው አፍሪካዊ የጥናት መረብ ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገሪቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ቤት ለቤት ጠይቋል። በ2012 ዓ.ም. ያካሄደው ጥናት 2,400 ጎልማሶችን ያካተተ ሲሆን፣ ከመቶ 69 የሚሆኑት ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል እንደሚፈልጉ አሳይቷል። ቁጥሩ በየመድረኩ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ፦ የመገንጠልን መብት ስለሚመለከተው ድንጋጌ ሲጠየቁ መልስ ሰጪዎቹ ለሁለት ተቀራርበው ተከፈሉ። «ይሻሻል» በሚለው ቃል የተስማሙት ሰዎች ማሻሻያው ወዴት ይሂድ በሚለው አልተስማሙም። አንድን ድምር ብቻ አንስቶ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ማለት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልገውም።

ለአዊ አንባቢ ከዚህም የሚቀርብ ስሌት አለ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአዊ ዞን 982,942 ሰዎችን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ 73.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ቆጥሯል። የዞኑ ድርሻ ከመቶ 1.3 ገደማ ነው። 2,400 ሰዎች በሕዝብ ብዛት ልክ ቢከፋፈሉ ለአዊ የሚደርሰው 32 ሰው ነው፤ ለዳንግላም፣ ለጃዊም፣ ለዚገምም፣ ለዘንገናም ጭምር። ለመላው አማራ ክልል 560 ያህል ይደርሳል። ከ560 ሰው የሚገኝ መልስ የክልሉን አዝማሚያ በ4 ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያመለክታል፤ ይህ ለክልል ደህና ነው። 32 ሰው ግን ስለ ዞን ምንም ሊያስረግጥ አይችልም። ስለዚህ በአገር አቀፍ ጥናት ተመርኩዞ «የአዊ ሕዝብ እንዲህ ይላል» የሚል ሰው፣ ከመንግሥትም ይሁን ከተቃዋሚ፣ ከግምት ያለፈ ነገር አልያዘም።

ቆጠራውም አርጅቷል። 4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በተደጋጋሚ በመራዘሙ፣ ናሙና የሚወጣበት መዝገብ ዛሬ ጎልማሳ የሆነውን ወጣት በሕፃንነቱ የሚያውቅ ነው። የቋንቋው ጉዳይ ይከተላል። በዞኑ ገጠር ብዙ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚነጋገረው በአዊኛ ነው፤ ልጆችም በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በአዊኛ ይማራሉ። «በተወካይዎ ምን ያህል እምነት አለዎት?» የሚለው የአማርኛ ጥያቄ በአፍ ሲተረጎም «እምነት» አንዴ ሃይማኖት፣ አንዴ መተማመን እየሆነ ይምታታል። ጥያቄው ቀድሞ በአዊኛ ተጽፎ ካልተፈተነ የሚገኘው የአስተርጓሚው ሐሳብ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ፍርሃት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተራዝሞ እስከ 2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ገደማ ጸንቷል፤ የፀጥታ ችግሩ ግን ከአዋጁ ጋር አላበቃም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የማያውቁት ሰው ደብተር ይዞ በር ሲያንኳኳ ገበሬው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያልፋል፤ ወይም ጠያቂውን ደስ ያሰኛል የሚለውን ይመልሳል። በሰላም ጊዜ «አላውቅም» የሚለው ምላሽ ብዙ ጊዜ አለማወቅ ነው፤ በግጭት ጊዜ ግን ራሱን የቻለ መልስ ነው።

መንግሥት የሕዝብን ሐሳብ የሚሰማው በዋናነት በውይይት መድረክ ነው። የምክር ቤት አባላት በእረፍት ወራት ወደ መራጮቻቸው ይመለሳሉ፤ ቀበሌ ይጠራል፣ አዳራሽ ይሞላል። የመድረኩን ጥቅም መካድ አይገባም፤ በአዳራሽ ተነሥቶ የተጠየቀ ድልድይ ተሠርቶ የታየበት ጊዜ አለ። ይሁንና ማን እንደተጠራ የሚወስነው ጠሪው ነው። አስተዳዳሪው በተቀመጠበት የሚናገረው ሰው ከማይናገረው ይለያል፤ ሴቶችና መሬት የሌላቸው ወጣቶች ደግሞ ከኋላ ወንበር ናቸው። የአገራዊ ምክክር ኮሚሽንም አጀንዳ ሲያሰባስብ ገበሬውን፣ መምህሩን፣ ዕድሩን፣ ተፈናቃዩን በየማኅበረሰብ ክፍሉ ማስጠራቱ ከተለመደው የሰፋ ነበር። ዓላማው ግን ምን እንነጋገር የሚለውን ማወቅ እንጂ ስንት ሰው ምን እንደሚደግፍ መቁጠር አይደለም።

ስለ ተመራጮች ሲነሣ ደግሞ አንድ የተዘነጋ እውነት አለ። ገበሬው መንግሥትን የሚያውቀው በቀበሌና በወረዳ ነው። ማዳበሪያ ሲከፋፈል፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ፣ የድንበር ክርክር ሲዳኝ የሚያገኘው እነርሱን ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የማዳበሪያ እጥረት ያስመረራቸው ገበሬዎች አቤቱታቸውን ባሕር ዳር ድረስ የወሰዱት፣ በአቅራቢያቸው መልስ ስላጡ ነበር። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ግን በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲህም በክልሉ አልተደረገም። የዚያን ጊዜ 6 ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል፤ ቀበሌውን የመምረጥ ዕድል ግን አላገኘም። መራጩ በቅርብ ባለሥልጣን የሚማረርበትን ነገር በሩቁ ተወካይ ላይ በድምፅ ሲያወራርድ፣ ወይም ጨርሶ ሳያወራርድ ሲቀር፣ ውጤቱን የሚተነትን ሰው ይስታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ለማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። እምነት መጠፋቱ በምን እንደሚታወቅ ግን መጀመሪያ መመለስ አለበት።

የሕዝብን ሐሳብ ሳይሰሙ መወሰን የሚያስከፍለውን ዋጋ ጎጃም ከቀደመው ዘመን ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወደ ገጠር ሲወርድ፣ ገበሬው መሬት ሊለካና ርስት ሊነካ ነው ብሎ አመፀ። ጦር ዘመተ፤ ሰው አለቀ፤ በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ መንግሥትም ከግብሩ አፈገፈገ። አዋጁን ባጸደቀው ምክር ቤት የጎጃም እንደራሴዎችም ተቀምጠው ነበር።

አሁን በከተሞች እየተለመደ የመጣው በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ «ድምፅ ማሰባሰብ» ክፍተቱን አይሞላም። በ1936 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ምላሽ ሰብስቦ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ሩዝቬልት ይሸነፋሉ አለ። አድራሻ የወሰደው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበርና ድሃው አልተጠየቀም፤ ሩዝቬልት በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። እንጅባራ ወይም ዳንግላ ካፌ ተቀምጦ በስልኩ አስተያየት የሚሰጥ ወጣት ሐሳቡ የራሱ ነው፤ ኔትወርክ በማይደርስበት የምትኖረውን እናቱን ግን አይወክልም።

ለዞኑ ብቻ የሚበቃ ጥናት ማድረግ ከአቅም በላይ አይደለም። ከየወረዳው ቀበሌዎች በዕጣ የተመረጡ 600 ያህል ሰዎች፣ በአዊኛና በአማርኛ የተዘጋጀ መጠይቅ፣ ከቀበሌ ሠራተኞች ውጭ የሆኑ ጠያቂዎች ይበቃሉ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በዞኑ መዲና አለ፤ አካባቢውን የሚያውቁ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ ተማሪዎችም አሉት። ቀሪው ጥያቄ ውጤቱ መልካም ሳይሆን ሲቀርም ለሕዝብ ይነበባል ወይ የሚለው ነው፤ ይህን የሚመልሱት ደግሞ ጥናቱ የሚመዝናቸው ባለሥልጣናት ናቸው።