ጤናችን፦ ነስር ሲመጣ

አፍንጫ ሲነስር ብዙ ሰው አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ይህ ልክ አይደለም። ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ያንቃል፤ ያስመልሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቁጭ በሉ። ወደ ፊት ጎንበስ በሉ። ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙ። በአፍ ተንፍሱ። አፍ ውስጥ የገባውን ደም ትፉት እንጂ አትዋጡት። ሰዓት ተመልከቱ፤ 15 ደቂቃ ሙሉ አትልቀቁ። «ቆመ ይሆን?» እያሉ በየጊዜው መልቀቅ ደሙን ይመልሰዋል።

ካልቆመስ? ለታፈነ አፍንጫ የሚረጭ ኦክሲሜታዞሊን የሚባል መድኃኒት አለ። የደም ሥር እንዲጠብ ያደርጋል። ስለዚህ ነስርንም ለማቆም ይረዳል። አዋቂ ሰው ቀስ ብሎ ይናፈጥ። በሚደማው በኩል 2 ጊዜ ይርጭ። እንደገና 15 ደቂቃ ጨምቆ ይያዝ።

ግን ተጠንቀቁ! መድኃኒቱን ከ3 ቀን በላይ አትጠቀሙ። ከተለመደ አፍንጫው ብሶበት ይታፈናል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለ ጤና ባለሙያ ምክር አይጠቀሙበት።

ደሙ ከ30 ደቂቃ በኋላም ካልቆመ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የወንዝ ውኃ ጠጥቶ በአንድ በኩል በየቀኑ የሚነስረው ሰውም ይመርመር። አልቅት ገብቶበት ሊሆን ይችላል። አልቅቱን የጤና ባለሙያ ያውጣለት።

ይህን ያነበባችሁ፣ ላላነበበው ጎረቤታችሁ ንገሩ።