የጅሬን አዳራሽና የሂርማታ ገበያ

ከጅማ ከተማ ወጥቶ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጅሬን ኮረብታ የወጣ ሰው፣ ከእንጨት በተሠራው በዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት፣ ከሸለቆው ላይ የተዘረጋውን ከተማ ያያል፤ ያ ከተማ ጣልያኖች በዘመነ ወረራ ሳያስፋፉት በፊት፣ ሥፍራው ሂርማታ የተባለው ታላቅ የሐሙስ ገበያ ነበር። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ጅሬን ያለ ሂርማታ ሊነበብ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1878 በጅማ የነገሠው አባ ጅፋር፣ የእናቱን የጉሚቲን ምክር ሰምቶ በ1882 ለዳግማዊ ምኒልክ በሰላም በመገበሩ፣ ከፋ በ1897 በጦርነት ሲወድቅ የጅማ የውስጥ አስተዳደር እስከ 1932 ሊጸና ቻለ። ይህ ጥበብ ምስጋና ይገባዋል፤ ምስጋናውን ለመንፈግም አልጽፍም። ይሁን እንጂ ሰላሙ ወደ ሂርማታ የሳበው ነጋዴ ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከጌራና ከከፋ ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱንና ወርቁን ብቻ አላመጣም። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከዚያ የተነሡት ምርኮኞች በጎጃም በኩል ወደ መተማና ወደ ምጽዋ፣ በሸዋ በኩል ወደ ታጁራ እየተነዱ፣ ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች ባሕር ተሻገሩ። ንጉሡም ከዚህ ንግድ የራቀ አልነበረም።

የንጉሡ መገልገያዎች ለብዙ ዘመን በከተማው ሙዚየም ሲጠበቁ፣ አዳራሹ በኮረብታው ላይ ባዶውን መቆየቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ዕቃው ከማኅደሩ ሲለይ ሁለቱም ግማሽ ነገር ይናገራሉና። ነገር ግን ዕቃው ቢመለስ እንኳ ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት አይሞላም፤ በዙፋኑ ዙሪያ ያገለገሉት ባሮች፣ ጭነቱን የተሸከሙት፣ በገበያው የቆሙት ሰዎች በመካከሉ የሉምና።

ቤት ሲፈርስ እንደሚታይ፣ ሰው ሲረሳ ግን እንደማይታይ ከባሕር ዳርቻም አንድ ምስክር አለ። የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 ያሠራው «የድንቆች ቤት»፣ ከጅሬን ጋር በአንድ ዘመን የኖረና በቅርንፉድ ንግድ የከበረ ቤት ሲሆን፣ ሙዚየም ከሆነ በኋላ በታኅሣሥ 2020 ከፊሉ ተደረመሰ። እንጨትና ድንጋይ ሲታመም ለዐይን ይታያል፣ ጠጋኝም ይጠራለታል፤ የተረሳ ሰው ግን ምልክት የለውም፣ ስለዚህ ሆን ብሎ የሚያስታውሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ አንድ ክፍል፣ ከሁሉ የጠበበውም ቢሆን፣ ለሂርማታ ይሰጥ ዘንድ እለምናለሁ፤ በግድግዳው ላይ የነጋዴው መንገድ ይሣል፣ ከጎኑም በ1942 ባርነትን የሻረው ዐዋጅ ይነበብ። ከአጋሮና ከሊሙ ገነት ቡና አምራቾች ቤት የመጣ ተማሪ፣ በአዳራሹ ውበት ተደንቆ ወደዚያ ክፍል ሲዘልቅ፣ «በሐሙሱ ገበያ የተሸጡት እነማን ነበሩ?» ብሎ አስጎብኚውን ይጠይቃል።