አማካዩ የሚሸሽጋቸው ሕዋሳት

በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራዎች ከሚመዘገቡት አኃዞች አብዛኞቹ አማካዮች ናቸው። በብልቃጥ የሚራቡ ሚሊዮኖች ባክቴሪያዎች፣ ፈሳሹ በጋረደው የብርሃን መጠን ተለክተው በአንድ ቁጥር ይወከላሉ። አሠራሩ ለብዙ ጥያቄዎች ይበቃል፤ የስብስቡን ዕጣ የሚወስኑት ጥቂቶች ሲሆኑ ግን ያሳስታል።

ጆሴፍ ቢገር እ.ኤ.አ. በ1944 ያሳተመው ጥናት ለዚህ ማስረጃ ነው። ፔኒሲሊን አብዛኞቹን የስታፊሎኮከስ ባክቴሪያዎች ቢገድልም ጥቂቶች ተረፉ፤ የተራፊዎቹ ዘሮች ግን እንደ ቀድሞው በመድኃኒቱ የሚሞቱ ነበሩ። መትረፋቸው ስለዚህ በውርስ የተገኘ መቋቋም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 ናታሊ ባላባንና ባልደረቦቿ ኢ. ኮላይን ጠባብ ቦዮች ባሉት ማይክሮፍሉዊዲክ መሣሪያ ውስጥ አሳድገው እያንዳንዱን ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ተከታተሉ። ተራፊዎቹ መድኃኒቱ ከመጨመሩ አስቀድሞ እድገታቸው የቆመ ወይም የዘገመ ሆኖ ተገኘ። ጥያቄው የሥነ ሕይወት ነበር፤ መልሱን ያስገኘው ግን የመለኪያው ንድፍ ነው።

ሕዋስ ማሽን አይደለም፣ ስለዚህ የመሐንዲስ ስሌት አይገዛውም የሚል ተቃውሞ ይሰነዘራል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። አሮን ኖቪክና ሊዮ ዚላርድ እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረቡት ኬሞስታት፣ ምግብ በቋሚ ፍጥነት እየገባ እኩል መጠን ያለው ፈሳሽ ስለሚወጣ የባክቴሪያዎቹን የእድገት ፍጥነት የሚወስነው አጥኚው ነው። ሆኖም በዚያው ዕቃ ውስጥ በሚውቴሽን የተለወጡ ሕዋሳት ነባሮቹን ይተካሉ። ቁጥጥሩ ይህን ለውጥ አላስቀረውም፤ እንዲለካ ግን አስቻለ።

የምህንድስና አስተሳሰብ ውድ መሣሪያ እስኪገዛ መጠበቅ የለበትም። በዘፈቀደ ከተሰራጩ ሕዋሳት 100 የቆጠረ ተመራማሪ 10 በመቶ ያህል የናሙና ስሕተት ይጠብቀዋል፤ ወደ 5 በመቶ ለማውረድ 400 መቁጠር አለበት። በወባ ምርመራ የጥገኛ ተሕዋስያኑ ብዛት ሲሰላ፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 8,000 ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ ብሎ መነሣት የተለመደ ነው። የታማሚው እውነተኛ ቁጥር 4,000 ከሆነ ውጤቱ በእጥፍ ተጋንኖ ይመዘገባል። እዚህም የብዙኃኑ አማካይ የአንዱን ሰው እውነት ይሸሽጋል።

ስለዚህ በሕዋሳት ላይ የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ጽሑፍ ከአማካዩ ጋር ሥርጭቱን፣ የስሕተቱን ወሰንና ስሌቱ የቆመበትን ግምት እንዲገልጽ ሊጠየቅ ይገባል። ይህ መሣሪያ አይሻም፤ ከምርምር ንድፉ ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርትና የአማካሪዎችን ጥብቅነት ግን ይሻል።