ስንቅ ሳይቋጠር መንገድ አይወጣም



የዚህ እትም ዐቢይ ርእስ ሻንጣን በጀርባ አዝሎ ለብቻ ወደ ሩቅ አገር መጓዝ ነው። መዳረሻ አድርገን የመረጥነው ኔፓልን፣ በተለይም ከሉክላ ተነሥቶ 5,364 ሜትር ላይ እስከሚገኘው የኤቨረስት ቤዝ ካምፕ የሚዘልቀውን የእግር መንገድ ነው።

ስለ ተራሮቹ ውበት ብዙ ተብሏል፤ እኛ ያተኮርነው ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት ላይ ነው። የብዙ አገር ዜጎች ካትማንዱ ሲደርሱ ቪዛ ያገኛሉ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን አስቀድሞ ከኤምባሲ ማውጣት አለበት። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2023 የውጭ ተጓዦች ፈቃድ ያለው መንገድ መሪ እንዲይዙ የሚያዝ ደንብ አውጥታለች። አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ «ብቻዬን እወጣለሁ» የሚል ሰው አጣርቶ ይነሣ።

የአዲስ አበባ ልጅም «ደጋ ነው ያደግሁት» ብሎ ከከፍታ ሕመም እንዳይዘናጋ። ከ3,000 ሜትር በላይ ማደሪያን በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ፣ በየሦስት አራት ቀኑም ማረፍ የሐኪሞች ምክር ነው። ከፍታው ያመጣው ራስ ምታት ከባሰ መውረድ ነው፤ መድፈር አያዋጣም።

በውስጥ ገጾች አዲስ ጫማ አስቀድሞ እንዴት እንደሚለማመዱት፣ ፓወር ባንክ ለምን ከእጅ ሻንጣ እንደማይለይ፣ ሲታመሙ በሄሊኮፕተር መወሰድን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ሲገዙ ምን መጠየቅ እንደሚገባ ታገኛላችሁ።

ብቻችሁን ስትወጡ፣ በየዕለቱ የት እንደምታድሩ የሚያውቅ አንድ ሰው ቤት ይኑር። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊትም እትሙን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መልካም ንባብ፣ መልካም መንገድ!

አዘጋጁ